የዊልፍ ድንጋይና ያቺ ቃል

«ውሻ ነው አልኩዎት! ውሻ!»

«አልጋ ነው፣ ኬቪን።»

«የምን አልጋ? ውሻ!»

«አልጋ ነው አልኩህ! ይኸው መጽሐፉ፣ ዓይን ካለህ አንብበው!»

ኬቭ አክሮይድ ዓይንስ ነበረው። የቸገረው ማንበቡ ነው። ትምህርት ቤት በነበረ ጊዜ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠው ይልቅ ተባሮ ኮሪደር ላይ የቆመው ይበልጣል። ቄስ ፔልሃም ጠረጴዛው ላይ የዘረጋው መዝገበ ቃላት ደግሞ ውፍረቱ የቤት መሠረት ያክላል፣ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ኬቭ ጎንበስ አለ፣ ያነበበ መስሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ቀና አለና፣

«ውሻ ነው የሚለው» አለ።

«ኬቪን!» በሙሉ ስሙ የሚጠራው ቄሱ ብቻ ነው፤ ያውም ሲናደድ።

የኬቭ አያት ናና ኔሊ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ፒክልስ የሚባለው ትንሽዬ ውሻዋ ተጋድሟል። ስለ ውሻ ሲወራ ጆሮውን ቀጥ ያደርጋል፣ ስለ አልጋ ሲወራ መልሶ ይተኛል።

«ቀስ ብላችሁ ተነጋገሩ እንጂ» አለች ናና። «የባሌ ድንጋይ ነው፣ የእግር ኳስ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኬቭ አያት ዊልፍ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። እኛ ጋ ሰው በተቀበረ ማግስት ድንጋይ አይቆምለትም፤ አፈሩ እስኪረጋ ይጠበቃል። አሁን አፈሩ ረግቷል። ድንጋይ ጠራቢው ኦግደንም ድንጋዩን ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ ግቢው ውስጥ አቁሞታል። የቀረው ጽሑፉ ነው። ናና የምትፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም፤ ስሙ፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት፣ ከሥሩ አንዲት መስመር፦ «ጄፕ የሚወድ ሰው ነበር።» ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ግን ያለ ቄሱ ፈቃድ ጠጠር አትጣልም። ቄስ ፔልሃም ስሙን ፈቀደ፣ ዓመቱን ፈቀደ፣ «የሚወድ ሰው ነበር» የሚለውንም ፈቀደ። ጄፕ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጄፕ እንግዲህ ቀልድ ማለት ነው። ቀልድ ስንል ደግሞ ዝም ብሎ በአፍ የሚወረወረው አይደለም። ጄፕ እጅና እግር ያለው ቀልድ ነው፤ ይታሰብበታል፣ ይለፋበታል፣ አንዳንዴም መሰላል ይጠይቃል። ዛሬ ዛሬ ቃሏን ከሽማግሌ በቀር የሚጠራት የለም። ዊልፍ ግን ዕድሜ ልኩን ከአፉ አልወረደችም፤ ከእጁም እንደዚሁ። አንድ ጊዜ መንገድ ዳር ያለ የድንጋይ አጥር ላይ በር ሣለ፤ የደብዳቤ ማስገቢያዋን ሳይቀር ሣለባትና አዲሱ ፖስተኛ ደብዳቤ ላስገባ ብሎ ከአጥር ጋር ሲታገል አረፈደ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ነፋስ ለሚያዞረው የነሐስ ዶሮ ብርድ እንዳይመታው ብሎ የሱፍ ሹራብ አለበሰው። ከቄስ ፔልሃም በፊት የነበረውን ቄስማ አንድ እሑድ ሊሰብክ ሲወጣ አንዲት በግ የቄስ ነጭ ኮሌታ አድርጋ መስበኪያው ላይ ጠበቀችው። ያ ቄስ ሳቂታ ነበር፤ «ዛሬስ መንጋው ቀደመኝ» ብሎ ከጎኗ ቆሞ ሰበከ።

ቄስ ፔልሃም እንደ እኛ የሰሜን ሰው አይደለም፤ ከደቡብ ነው የመጣው። ክፉ ሰው አይደለም። የታመመ ይጠይቃል፣ ለሕፃናት ከረሜላ ይይዛል። ሲስቅ ግን ያየው የለም።

«ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄጄ ነው የጠየቅኩት» አለ ኬቭ። «ሴትዮዋ ራሷ ነች ያነበበችልኝ። ድሮ ፈረንሳዮች ቡችላ በቀጭኑ ሲጮህ እንደዚያ ይሉ ነበር። ቃሏ ከዚያ ነው የመጣችው። ቡችላ ምን ነውር አለበት?»

«'ምናልባት' አላለችህም?»

«ምን?»

«መጽሐፉ ምናልባት ነው የሚለው። ምናልባት ከውሻው ጩኸት፣ ምናልባት ደግሞ ማሾፍ ከሚል ከሌላ ቃል ጋር ተደባልቃ። ከየት እንደመጣች በርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው ከመጣች በኋላ የዋለችበት ነው።» ቄሱ መነጽሩን አወለቀ። «የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ማታለል፣ መቀለድ ማለት ነበረች። ደህና። ከዚያ ሰዉ ወደ ሌላ ነገር ወሰዳት።»

«ወዴት ወሰዳት?» አለች ናና።

የቄሱ ጆሮ ቀላ። «ወደ መኝታ ቤት፣ ወይዘሮ አክሮይድ።»

«ባልና ሚስት ወደሚያደርጉት?»

«ባልና ሚስት ያልሆኑትም ወደሚያደርጉት።»

«እሱማ ያው ነው። አምስት ልጅ ወልጃለሁ፣ ለኔ ብለው አይፈሩ ሆዴ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቃሏ ባለገች። ጨዋ ሰው ለብዙ ዘመን አልጻፋትም። ኋላ፣ በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ገደማ፣ ጸሐፊዎች ከአሮጌ መጽሐፍ ቆፍረው አወጧትና እንደገና ለቀልድ ብቻ ይጠሯት ጀመር።»

«ታጥባ ወጣች በሉኛ!» ኬቭ ጠረጴዛውን መታ። «እኔስ ቅዳሜ ቢራ ቤት የዋልኩበትን ሱሪ አሳጥቤ አይደል እንዴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምለብሰው? ቅዳሜ የት ነበርክ ብለው ሱሪዬን ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ሱሪህን ድንጋይ ላይ አልቀርጸውም! ድንጋይ ከኔም ከአንተም በኋላ የሚኖር ነገር ነው። ነገ አንድ የተማረ ሰው መጥቶ ቢያነበው፣ ይሄን የፈቀደው ቄስ ምን ዓይነት ሰው ነው ይላል።» ወደ ናና ዞረ። «'ደስተኛ ሰው ነበር' ብንል ምን አለበት?»

ናና ብድግ አለች።

«ደስተኛማ የጎረቤቴ ላምም ናት» አለች። «ቃሏ ካልገባች ድንጋዩ አይቆምም። ዊልፍ ያለ ድንጋይ ይተኛል። የኔም ቦታ አጠገቡ ነው፤ ጊዜዬ ሲደርስ እኔም ያለ ድንጋይ አጠገቡ እተኛለሁ። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ሲረግጠን ይኑር። ና ፒክልስ።»

ወደ ቤት የድንጋዩን አጥር ተከትለው ሲወርዱ ኬቭ በጎን ሰረቅ አድርጎ አያት። አገጯ ይንቀጠቀጣል። የናና አገጭ ሲንቀጠቀጥ ያየው ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ ነው፤ አምና፣ ደወሉ እኩለ ቀን ሲመታ።

የዊልፍ አሟሟት ራሱ ጉድ ነው። የሞተው በአፕሪል ዘ ፉል ቀን ነው። የዚያን ቀን ሕግ እኛ ጋ ሕፃን ያውቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ ማንም የፈለገውን ይዋሻል፣ የተባለው ሁሉ አይታመንም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እኩለ ቀን ሲመታ ግን አበቃ። ከዚያ በኋላ ሰው ላታልል ያለ፣ ጅሉ እሱ ራሱ ነው፤ እስኪመሽ ልጆች ከኋላው እየተከተሉ ይጮሁበታል።

ዊልፍ ያን ቀን ጠዋት ሻዩን ጠጣ፣ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ደፋ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ናና «በጣም ያስቃል» ብላው ምንጣፉን መጥረግ ጀመረች፤ እግሩ ጋ ስትደርስ አንሥታ ሥሩን ጠረገችና መልሳ አስቀመጠችው። ኬቭ መጣና አፍንጫውን በላባ ኮረኮረው። «ዘንድሮስ በርትተሃል ሽማግሌው!» አለው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። ረፋዱ ላይ ናናን ነገሩ አላማራትም፤ ሐኪሙ ጋ ደወለች። ሐኪሙ ሳቀ። ካቻምና በዚያው ቀን «የዊልፍ እግር እንጨት ሆነ» ተብሎ በዝናብ ተጠርቶ መጥቶ ነበርና። «ሰላም በይልኝ፣ ኔሊ። ከእኩለ ቀን በኋላም ካልተነሣ ደውዪልኝ» አላት። ሬሳ ሳጥን የሚሠራው ሰውዬም ስትደውልለት ያንኑ አለ።

ናና ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ደወሉ መታ። ዊልፍ አልተነሣም። ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ዊልፍ በዕድሜው ብዙ ነገር አድርጓል፣ ያቺን ሕግ ግን ጥሶ አያውቅም።

ታዲያ ይሄ ሰውዬ ነው «ደስተኛ ነበር» የሚባለው?

ቀኑ ዞሮ ሲቃረብ ኬቭ ኦግደን ግቢ ሄደ። ኦግደን የድንጋይ አቧራ ቅንድቡ ላይ የሰፈረ፣ ቃልም ሲያወጣ ከድንጋይ የሚፈለፍል የሚመስል፣ ዝግ ያለ ሰው ነው።

«ጣውላ አለህ?» አለው ኬቭ።

«አለ።»

«ድንጋይ የሚመስል ቀለምስ?»

ኦግደን ብዙ አየው። «ለማን?»

«ለቄሱ።»

ኦግደን መዶሻውን አስቀመጠ። «ዊልፍ ቢሆን» አለ በመጨረሻ፣ «ጠርዙ ላይ የድንጋይ ሽበት ይለጥፍበት ነበር።» እና ሄዶ ከአጥሩ ላይ ሽበት ይፍቅ ጀመር።

የኬቭ እቅድ አጭር ነው። ቄሱ ካየ ይስቃል፤ ከሳቀ ይለሳለሳል፤ ከተለሳለሰ ይፈቅዳል። ባይስቅስ የሚለውን አላሰበበትም። ማሰብ ላይ ሲደርስ ኬቭ ግማሽ መንገድ ሄዶ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ለናናም አልነገራት፤ ነግሯት ቢሆን ቀሪውን ግማሽ መንገድ እሷ ትሄድለት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ቀዝቃዛ፣ ግን ብራ ነው። ረፋዱ ላይ ቄስ ፔልሃም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመጣ፣ መግቢያው አጠገብ ትናንት ያልነበረ ድንጋይ ቆሟል። ጠርዙ ሸብቷል። ከፊቱ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ቢጫ አበባ ተደርጎለታል። ቄሱ ማን ሞቶብኝ ነው ብሎ ጠጋ አለ። እንዲህ ይላል፦ «ቄስ ኧርነስት ፔልሃም። የደቡብ ሰው። ሳቅ አጥሮት ሞተ።»

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገውና እንደገና አነበበ። የቤተ ክርስቲያኑን አበባ የሚያዘጋጁት ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ተጎሻሸሙ። ኬቭና ኦግደን ከትልቁ ጽድ ኋላ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። አሁን ይስቃል፣ አለ ኬቭ በልቡ። አሁን።

የቄሱ ራሰ በራ ቀላ፤ መጀመሪያ ከጆሮው አካባቢ፣ ቀጥሎ እስከ አናቱ።

«ኬቪን አክሮይድ! ከዛፉ ኋላ ውጣ፣ ጫማህ ይታያል!»

ኬቭ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ናና ለዊልፍ አበባ ይዛ፣ ፒክልስን አስከትላ፣ በውጭ በር ገባች።

«በቅዱስ ግቢ!» ቄሱ ጮኸ። «በሙታን መካከል! በቃ፣ አለቀ! ያቺ ቃል ቀርታ የአያትህ ስም ራሱ እዚህ አይቆምም!»

ኬቭ ናናን አያት። አበባውን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። አገጯን ላለማየት መሬት መሬቱን አየ።

«ቄስ ፔልሃም፣ እሷ አታውቅም፣ እኔ ነኝ...»

«ዝም በል! ስንት ነገር ችያለሁ! የቢራ ቤት ቀልድ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ይሄ ግን፣ ይሄ ግን...» ቄሱ ቃል ፈለገ። እጁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ይሄ የለየለት የባለጌ ጄፕ ነው!»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የቄስ ፔልሃም ራስ ከተመለጠ ቆይቷል። አፉ ግን ያመለጠው ገና አሁን ነው።

ከአበባ ሴቶቹ አንዷ እጇን አፏ ላይ ከደነች።

«ምን አሉ?» አለች ናና።

«ምንም።»

«ብለዋል።»

«ወይዘሮ አክሮይድ፣ ተናድጄ ነው...»

«ቀልድ ማለት ይችሉ ነበር። ተንኮል ማለት ይችሉ ነበር። የተማሩ ሰው ነዎት፣ ያን የሚያክል መጽሐፍ አለዎት። የወጣችው ግን እሷ ናት። ለምን?»

ቄሱ ጣውላውን አየው። ጠርሙሱን አየው። «ሌላ ቃል... አልሆነኝም» አለ ቀስ ብሎ።

«ለዊልፍም ሌላ አይሆነውም። ደግሞስ ሲሏት ስለ መኝታ ቤት እያሰቡ ነበር?»

«እግዜር ይጠብቀኝ! በጭራሽ!»

«እኛም እያሰብን አይደለም።»

«ሽበቱ የኔ ነው» አለ ኦግደን ከዛፉ ኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቄሱ ጎንበስ ብሎ ሽበቱን በጣቱ ነካው። ሽበቱ ጣቱ ላይ ተለጥፎ መጣ። ጣቱን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ «ሳቅ አጥሮት» አለ ለራሱ። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፦ «እፕ!» ቀጭን፣ አጭር፣ ጭራው የተረገጠ ቡችላ የሚመስል። «እፕ! እፕ!» ኬቭ ፒክልስ መስሎት ዞረ። ፒክልስ ራሱ ሌላ ውሻ መስሎት ጆሮውን አቆመና በዚያው ቋንቋ መለሰ። ሁለቱ እየተቀባበሉ ትንሽ ቆዩ። ቄሱ ነው! ቄስ ፔልሃም እየሳቀ ነው! ለካ ሰውዬው ይሄን ሁሉ ዓመት የማይስቀው በሳቁ አፍሮ ኖሯል።

«ይኸው!» ኬቭ ዘለለ። «አላልኩዎትም? ውሻ ነው!»

«ምናልባት» አለ ቄሱ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። «ምናልባት ነው ያልኩህ።» ከዚያ ኮቱን አስተካከለና ወደ ናና ዞረ። «እሺ፣ ወይዘሮ አክሮይድ። ፈቅጃለሁ። ቃሏ ትግባ።»

ኬቭ ኦግደንን አቀፈው፤ አቧራው ቦነነ። ናና ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ቀና ብላ የደወሉ ማማ ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

«አይ» አለች።

«ምን አይ?»

«ቀኑን ረሱት እንዴ? ዛሬ ከእኩለ ቀን በፊት ማንንም አላምንም። ደወሉ ይምታና ይድገሙልኝ።»

«እኔ እኮ ቄስ ነኝ!»

«ዊልፍም ባሌ ነበር።»

ምን ይባላል? ተቀመጡ። ግድግዳውን ተደግፎ ያለው አግዳሚ ላይ ናና፣ ቄሱና ኦግደን፣ ሣሩ ላይ ኬቭና ፒክልስ። ናና ከቦርሳዋ ቴርሞስ ሻይና የዘቢብ ኬክ አወጣች፤ ለእያንዳንዱ ቁራሽ አይብ ደርባ ሰጠች። ቄሱ ደቡብ ሳለ ኬክ በአይብ ሲበላ አይቶ አያውቅም፤ እንደመጣ ሰሞን ቀልድ መስሎት ነበር። አሁን ጣቱን ላሰ።

«የበጓ ነገር እውነት ነው?» አለ ድንገት።

«እውነት ነው» አለ ኬቭ።

«ኮሌታውን ማን ሰፋላት?»

ናና ሻይዋን ፉት አለች። «አንገቷ ወፍራም ነበር» አለች፤ «ሁለቴ ፈትቼ ነው የሰፋሁት።»

ከቄሱ አፍንጫ አንዲት «እፕ» አመለጠች። ኦግደን ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ድንጋዩን ከነጽሑፉ የሣለበት ነው፤ ስሙ፣ ዓመቱ፣ ከሥሩ ያቺ መስመር ከነቃሏ። ሳይናገር ከነእርሳሱ የቄሱ ጭን ላይ አስቀመጠው። ቄሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ትንሽ ቆየ። ኬቭ አንገቱን ቢያሰግግም ምን እንደሚያደርግ አልታየውም።

ደወሉ መምታት ጀመረ። ኬቭ የያዘውን ኬክ አፉ ውስጥ ከቶ ማኘክ አቃተው። ናና ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ እንደ አምናው። የመጨረሻው ምት ግቢው ላይ ሲያስተጋባ ቆየና ጠፋ።

ቄስ ፔልሃም ተነሣ። ፍርፋሪውን ከደረቱ አራገፈ። መስበኪያው ላይ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ አክሮይድ» አለ፤ «አስቤበታለሁ። አልፈቅድም።»

ኬቭ ከሣሩ ላይ ብድግ አለ። የአበባ ሴቶቹ «ውይ!» አሉ። ኦግደን ቅንድቡን ሲያነሣ አቧራ ረገፈ። ቄሱ ግን ከንፈሩን ነክሶ ይታገላል፤ የአፉ ጠርዝ አልታዘዝ ብሎት ይንቀጠቀጣል። እጁ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ናና ዘርግቷል።

ናና ተቀበለችው። ከያቺ ቃል ሥር ፊርማው ጥርት ብሎ ተቀምጧል። ፊርማውን አየች። ሰዓቱን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ቄሱን ከራሰ በራው እስከ ጫማው።

«አልፏል እኮ፣ ሆዴ» አለችው። «ጅሉ እርስዎ ነዎት።»